የአባቴ የ1985 ትኬት ይነበባል፣ የ2011 ቦርዲንግ ፓሱ ግን ነጭ ሆኗል። ለምን?

የመምህሩ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከጎንደር ነው። አባቴ ካረፈ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ባለፈው እሑድ ከእናቴ ጋር ቁጭ ብለን የወረቀት ሳጥኑን ስናገላብጥ ሁለት የአውሮፕላን ወረቀት አገኘን። አባቴ መምህር ነበር፤ ወረቀት መጣል አይሆንለትም።

አንደኛው በ1985 ዓ.ም. ከጎንደር አዲስ አበባ ደርሶ መልስ የተቆረጠ ትኬት ነው። እንደ ቼክ ደብተር ጠበብ፣ ረዘም ያለ ነው። ውስጡ ሁለት ቅጠል ቀርቷል፤ የሌሎቹ ጉርድ ብቻ ነው የሚታየው። ጽሑፉ የእጅ ጽሑፍ ነው፣ ቀለሙ ቀይ። የአንዱን ቅጠል ጀርባ በጣቴ ስነካው ዛሬም ቀይ ይለቃል። ከሠላሳ ዓመት በኋላ! የአባቴ ስም፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ ሁሉም ቁልጭ ብሎ ይነበባል።

ሁለተኛው የ2011 ዓ.ም. ቦርዲንግ ፓስ ነው። ያኔ እህቴን ሊጠይቅ አሜሪካ ሄዶ ነበር፤ ይሄኛው ከጎንደር አዲስ አበባ ያለው ነው። ከአገር ሲወጣ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ስለነበር አክብሮ በፕላስቲክ አልበም ውስጥ ከፎቶዎቹ ጋር አስቀምጦታል። አሁን ነጭ ነው ማለት ይቻላል። ስሙ የነበረበት ቦታ ላይ ግራጫ ጥላ አለ። ከታች ያለው ኮድ ብቻ ፈዘዝ ብሎ ይታያል።

እንዴት ነው አሮጌው ቆይቶ አዲሱ የጠፋው? የቀረውን ለማዳን ላሚኔት ላስደርገው አስቤያለሁ፣ ይጠቅማል? ሌላው፣ በ1985ቱ ትኬት ውስጥ «ከአዲስ አበባ ወደ ጎንደር» የሚለው ቅጠል ሳይቀደድ ቀርቷል። ይሄስ ምን ማለት ነው? የሚያውቅ ካለ እባካችሁ።

ኮፒ ቤት ፒያሳ፦

እህቴ፣ ነፍስ ይማር። መጀመሪያ አንድ ነገር ልለምንሽ፤ ላሚኔት እንዳታስደርጊው! ያ ወረቀት ቴርማል ነው። ሙቀት ሲነካው ይጠቁራል።

ይሄን የምልሽ ስላየሁት ነው። ኮፒ ቤት መሥራት የጀመርኩ ሰሞን አንድ አባት የልጃቸውን ቦርዲንግ ፓስ ይዘው መጡ። ልጁ ለትምህርት ውጭ የሄደበት ነው። «በደንብ አሽግልኝ፣ እንዳይበላሽ» አሉኝ። እኔም ሳላጣራ ማሽኑ ውስጥ ሰደድኩት። በወዲያኛው በኩል ሲወጣ ከዳር እስከ ዳር ከሰል መስሏል። አንድም ፊደል አልቀረም። ሰውየው ምንም አላሉኝም፤ ተቀብለውኝ ኪሳቸው ከተው ወጡ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ከዚያ ወዲህ ደረሰኝም ሆነ ቦርዲንግ ፓስ ሲመጣልኝ መጀመሪያ ባዶውን ጠርዝ በጥፍሬ ፈጠን አድርጌ እፍቃለሁ። ጥቁር መስመር ካወጣ ቴርማል ነው፣ አልነካውም።

ቦርዲንግ ፓሱን የሚያትመው ማሽን ቀለም የሚባል ነገር የለውም። የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ የሚታተመውም በዚሁ መንገድ ነው። ቀለሙ ያለው ወረቀቱ ውስጥ ነው። ወረቀቱ ሲሠራ ፊቱ ላይ ሁለት ነገር ይቀባል፤ አንዱ ለጊዜው መልክ የሌለው ማቅለሚያ፣ ሌላው አሲድነት ያለው ነገር። የማተሚያው ጭንቅላት የጋለበት ቦታ ላይ ሁለቱ ቀልጠው ሲገናኙ ጥቁር ይወጣል። ችግሩ ይሄ መገናኘት ሊፈርስ ይችላል። አልኮል ያፈርሰዋል። ዘይትና የእጅ ቅባት ያፈርሱታል። የፕላስተር ማጣበቂያም እንደዚያው። ፀሐይም ያደበዝዘዋል። ከሁሉም የከፋው ግን ለስላሳ ፕላስቲክ ነው፤ ፕላስቲኩን እንዲለሰልስ የሚያደርገው ኬሚካል ቀስ እያለ ወደ ወረቀቱ ይገባና ጥቁሩን መልሶ መልክ አልባ ያደርገዋል። አባትሽ እንዳይጎዳ ብለው ያስገቡበት አልበም ነው የጎዳው ማለት ነው፤ ማንም ቢሆን እንደሳቸው ነበር የሚያደርገው።

አሁን ምን ታደርጊ? ከአልበሙ አውጪው፤ ከተጣበቀ ግን አትታገይው፣ ከነፕላስቲኩ ይዘሽ ነይ። ከዚያ በከለር፣ በ600 ዲፒአይ ጥራት ስካን ይደረግ። ጥቁርና ነጭ አይሁን፤ የቀረችው ትንሽ ጥላ በከለር ነው የምትያዘው። ከዚያ ኮምፒውተር ላይ ኮንትራስቱን ከፍ ሲያደርጉት አንዳንዴ ስም ብቅ ይላል። የወጣውን በሌዘር ፕሪንተር አትመሽ አስቀምጪ። ዋናውን በተራ የወረቀት ፖስታ ውስጥ፣ ከብርሃንና ከሙቀት ራቅ አድርጊው።

ቀይ ካርቦን፦

ልጄ፣ አባትሽን ነፍስ ይማር። የጻፍሽውን ሳነብ እጄን ነው ያየሁት። ወጣትነቴ ያለቀው አዲስ አበባ ትኬት ቢሮ ውስጥ እንደዚያ ያለ ትኬት ስጽፍ ነው። አሁን ጡረታ ወጥቼ ጎንደር ልጄ ዘንድ ነኝ።

ያ ደብተር እንዲህ ነበር የሚሠራው። ከላይ ያለው ቅጠል ለሒሳብ ክፍል ነው። ቀጥሎ ያለው ቢሮው ፋይል ያደርገዋል። ከዚያ የበረራ ኩፖኖቹ ይመጣሉ፣ ከአራት አይበልጡም፤ ለእያንዳንዱ በረራ አንድ። መጨረሻ ላይ ያለው የመንገደኛው ነው፣ እሱ አይቀደድም። የየቅጠሉ ጀርባ ቀይ ካርቦን የተቀባ ነበር። እኛ የምንጽፈው ከላይኛው ላይ ብቻ ነው፣ የቀረውን ካርቦኑ ያወርደዋል። ስለዚህ እስክሪብቶውን ጫን ማለት ግድ ነው፤ ካልጫንሽ መንገደኛው ቅጠል ላይ የሚደርሰው የደከመ ጭረት ነው። መካከለኛ ጣቴ ላይ ያበጀው ቋጠሮ ዛሬም አለ። ማታ ቤት ስንገባ የሸሚዛችን እጅጌ ቀይ ነበር፤ ነጭ ሸሚዝ ለሥራ የሚለብስ አዲስ ሠራተኛ ብቻ ነው።

እንግዲህ አንቺ የምታነቢው ቀይ ጽሑፍ ከበላዩ ካለው ቅጠል ጀርባ የተላቀቀ ካርቦን ነው። ወረቀቱ ላይ ተጭኖ የተቀመጠ ቀለም ነው እንጂ ልጁ ከላይ እንዳለው በሙቀት የተፈጠረ አይደለም፤ ስለዚህ የሚፈርስ ነገር የለውም። ነገሩ የቆየ ብልሃት ነው። ራልፍ ዌጅውድ የሚባል እንግሊዛዊ ለካርቦን ወረቀት የፈጠራ መብት የወሰደው እ.ኤ.አ. በ1806 ነው፤ እኛ አገር ዐፄ ቴዎድሮስ ገና ሳይወለዱ።

ባዶ ትኬት ማለት የተፈረመ ባዶ ቼክ ማለት ነበር። ካዝና ውስጥ ነው የሚያድረው። ጠዋት በቁጥር እንረከባለን፣ ማታ በቁጥር እናስረክባለን። አንድ ፊደል ብትሳሳቺ መሰረዝ የለም፤ በሁሉም ቅጠል ላይ «ቮይድ»፣ ማለትም ዋጋ የለውም፣ ተብሎ ተጽፎ ለሒሳብ ክፍል ይላካል። ተጽፎ ካለቀ በኋላ ደግሞ ማህተም መቺ ማሽን አለ። የአየር መንገዱ ስም የተቀረጸበት ትንሽ የብረት ሰሌዳ ይገባበታል፣ እጀታውን ሲጎትቱት ግጭ ይላል፣ ያኔ ነው ወረቀቱ ትኬት የሚሆነው። ያንቺም ትኬት ላይ ቀኝ ጥግ አካባቢ ጎድጎድ ያለ ህትመት ካለ እሱ ነው። ቁጥሩንም እዪው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ትኬት ከሆነ በ071 ይጀምራል፤ ከዚያ አሥር አኃዝ ይከተላል። ይሄ ቁጥር ዛሬም አልተቀየረም፣ በስልክሽ በሚመጣልሽ ትኬት ላይም አለ።

አድካሚው መጻፉ ብቻ አልነበረም። ትኬቱ ላይ ያለው ቀን የፈረንጅ፣ ሰዓቱም የፈረንጅ ነው። 07:00 ብለን የጻፍነውን ሰው ከሰዓት በኋላ ሰባት ሰዓት አድርጎ ይረዳዋል። አውሮፕላኑ ከሄደ ከስድስት ሰዓት በኋላ ሻንጣውን ይዞ የሚመጣ መንገደኛ አይቻለሁ፤ ልብ ይሰብራል። ስለዚህ ሽፋኑ ላይ በአማርኛ «ጠዋት 1፡00፣ ጥር 4» እያልን እንጽፍ ነበር። ማንም አላዘዘንም። የአባትሽን ትኬት ሽፋን ገልብጪና እዪው፣ እንደዚያ ያለ ጽሑፍ ሊኖር ይችላል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ያልተቀደደው ቅጠል ላይ ከአዲስ አበባ ወደ ጎንደር ካለ አባትሽ በአውሮፕላን አልተመለሱም። ቢሳፈሩ ኖሮ ቼክ ኢን ላይ ያለው ሰው ይቀደው ነበር። አየር መንገዱ ገንዘቡን ገቢ የሚያደርገው በዚያ በተቀደደ ኩፖን ስለሆነ ማንም አይረሳውም። ያ ቅጠል ገንዘብ ነበር ልጄ። ጊዜው ሳያልፍ ወደ ቢሮ ቢወስዱት አብዛኛውን ጊዜ ይመለስላቸው ነበር። ለምን በሌላ መንገድ እንደመጡ እናትሽን ጠይቂያት።

ማራኪ ግቢ፦

እናቴ፣ ከእርስዎ ጽሑፍ ብዙ ተማርኩ። እኔ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ነው የማጠናው፣ የጎደለችውን ልጨምር።

ሁለቱ ወረቀቶች ላይ ላዩን ቢመሳሰሉም ሥራቸው አንድ አይደለም። የ1985ቱ ወረቀት ራሱ ትኬት ነው፤ ከጠፋ ትኬቱ ጠፋ። የ2011ዱ ትኬት ግን ያለው ኮምፒውተር ውስጥ ነው፣ ቦርዲንግ ፓሱ ወደዚያ የሚያመለክት ጽሑፍ ነው። አንድ ቀን ካገለገለ ይበቃዋል ተብሎ ነው የተሠራው። ስለዚህም ነው ርካሽ ወረቀት ላይ የሚታተመው።

ኮምፒውተሩ ወደዚህ ሥራ የገባበት ታሪክ ራሱ አውሮፕላን ውስጥ ነው የጀመረው። እ.ኤ.አ. በ1953 ከሎስ አንጀለስ ኒው ዮርክ በሚሄድ በረራ ላይ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሁለቱም ስሚዝ ይባላሉ። አንዱ የአሜሪካን ኤርላይንስ ፕሬዚዳንት ሲ አር ስሚዝ፣ ሌላው የኮምፒውተር ኩባንያው የአይቢኤም ሽያጭ ሠራተኛ ብሌር ስሚዝ። በዚያን ጊዜ ወንበር የሚያዘው በካርድ ነበር፤ ሠራተኞቹ የሚሽከረከር ሣጥን ከበው ካርድ እያወጡ ይመለከታሉ፣ አንድ ቦታ ለመያዝ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጅ ነበር። ከዚያ ወሬ የወጣው ሴበር የተባለው፣ ቦታ በኮምፒውተር የሚያዝበት ሥርዓት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ሙሉ በሙሉ ሥራ ጀመረ።

ከካርቦኑና ከቴርማሉ መሀል ደግሞ ሌላ ትውልድ አለ። ወፈር ያለ ካርድ፣ ጀርባው ላይ እንደ ባንክ ካርድ ጥቁር ማግኔት መስመር ያለው፣ ትኬትም ቦርዲንግ ፓስም በአንድ ላይ የሆነ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ነው የመጣው። የማግኔት መስመሩን ካርድ ላይ ያጣበቀው የአይቢኤም መሐንዲስ ፎረስት ፓሪ ነው። ማጣበቂያ ሁሉ እያበላሸበት ተቸግሮ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ልብስ ስትተኩስ ያገኛታል፣ በካውያው ሞክረው አለችው፣ ያዘለት። ኮፒ ቤት ወንድማችን ያነሳው ሙቀት እዚያ ሠርቷል እንግዲህ።

የወረቀት ትኬት በዓለም ደረጃ የቆመው እ.ኤ.አ. ሰኔ 1 ቀን 2008 ነው፣ በእኛ ግንቦት 24 ቀን 2000 ዓ.ም.። የአየር መንገዶች ማኅበር አያታ ያኔ ባወጣው ስሌት አንድ የወረቀት ትኬት ለማዘጋጀት 10 ዶላር ገደማ ይፈጅ ነበር፤ በኮምፒውተር ግን 1 ዶላር።

አሁን ዋናው ነገር። «ኮዱ ፈዘዝ ብሎ ይታያል» ብለሻል። ሰፊ አራት ማዕዘን፣ የተደረደሩ ቀጫጭን መስመሮች ከሆነ ፒዲኤፍ 417 ይባላል። እያንዳንዱ ምልክት አራት ጥቁር፣ አራት ነጭ መስመር አለው፣ ስፋቱ 17 አሃድ ነው፤ 4 እና 17 ስሙ ውስጥ የገቡት ለዚህ ነው። ጥሩነቱ የራሱን ስህተት ማረም መቻሉ ነው። ከፊሉ ቢጠፋ እንኳ ከቀረው ሒሳብ ሠርቶ የጠፋውን ይተካል። ስለዚህ በዓይን የማይነበበው ስም ኮዱ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ፎቶውን በጥሩ ብርሃን አንሺ፣ ጥላሽ አይረፍበት፣ ኮንትራስቱን ጨምሪና ባርኮድ የሚያነብ አፕ ላይ ሞክሪው።

አንድ ማሳሰቢያ ለሌሎቻችሁ፦ ገና ያልተጓዛችሁበትን ቦርዲንግ ፓስ ፎቶ ፌስቡክ ላይ አትለጥፉ። ኮዱ ውስጥ ስማችሁና ባለ ስድስት ፊደል የቦታ መያዣ ቁጥራችሁ አለ። በሁለቱ ብቻ ገብቶ ጉዟችሁን ሊነካካ የሚችል ሰው አይጠፋም።

የመምህሩ ልጅ፦

ሠራ! እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። መስኮት ጋ አድርጌ አምስት ጊዜ ያህል ሞከርኩ፣ በስድስተኛው አንድ ረጅም የእንግሊዝኛ መስመር ወጣ። የአያቴ ስም ቀድሞ፣ ከዚያ እዝባር፣ ከዚያ የአባቴ ስም። መጨረሻው ግን ተቆርጧል። ከዚያ የቦታ መያዣ ቁጥሩ፣ ከዚያ ጂዲኪው፣ ኤዲዲ፣ ኢቲ ይላል፣ የበረራ ቁጥር አለ። ከዚያ 131 የሚል፣ ወንበሩ ደግሞ 11ኤ። 131 ምንድን ነው?

ማራኪ ግቢ፦

እንኳን ደስ አለሽ! ስሙ የተቆረጠው ለስም የተሰጠው ቦታ 20 ፊደል ብቻ ስለሆነ ነው። የእኛ ስም በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ይረዝማል፣ አቶ ለማለት የሚጨመረውም ያለ ክፍተት ይለጠፍበታል። ጂዲኪው የጎንደር ኤርፖርት ነው፣ ኤዲዲ አዲስ አበባ፣ ኢቲ ደግሞ የኢትዮጵያ አየር መንገድ።

131 ቀኑ ነው። ኮዱ ወር አያውቅም፣ ከጃንዩወሪ 1 ጀምሮ ስንተኛው ቀን እንደሆነ ብቻ ነው የሚቆጥረው። ዓመቱንም አይጽፍም፣ እሱን አንቺ ነግረሽናል። 131ኛው ቀን ሜይ 11 ነው። ግንቦት 3 ቀን 2011 ዓ.ም. ማለት ነው። ኤ ደግሞ የመስኮት ወንበር ነው።

የመምህሩ ልጅ፦

ግንቦት 3። እናቴ ልክ ነው አለች፤ ልደታ በዋለች በማግስቱ ማግስት ነው የሄደው ብላ አስታወሰች።

እትዬ፣ እርስዎ እንዳሉኝ ኩፖኑን አሳየኋት። የተጻፈበትን ቀንም አነበብኩላት። ትንሽ ዝም አለችና «የስፌት መኪናዬ ነው» አለች። በ1985 አባቴ ለስብሰባ አዲስ አበባ ሄዶ መርካቶ ውስጥ የስፌት መኪና አይቷል። ያኔ አውሮፕላኑ የሚፈቅደው 20 ኪሎ ነበር፣ ማሽኑ ከነእግሩ የትና የት። ትኬቱን ኪሱ ውስጥ አድርጎ አውቶቡስ ተሳፈረ። ሁለት ቀን መንገድ። እግሩን ጣሪያ ላይ አስጫነው፣ ማሽኑን ግን በጋቢው ጠቅልሎ ጭኑ ላይ ይዞት ነው ዓባይ በረሃን የወረደው። ገንዘቡን አስመልሳለሁ እያለ ጊዜው አለፈበት። እኛን ያሳደገን ያ ማሽን ነው፤ የሰፈሩ ዩኒፎርም ሁሉ በእሱ ነበር የሚሰፋው። ዛሬም ይሠራል። ኩፖኑ ለምን እንደተቀመጠ እኔ እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር።

ሽፋኑንም ገልብጬ አየሁት። ጥጉ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በአማርኛ፣ «ጠዋት 2፡30» የሚል አለ።

ኮፒ ቤት ወንድሜ፣ ቅዳሜ ሁለቱንም ይዤ ብመጣ ስካን ታደርግልኛለህ?

ኮፒ ቤት ፒያሳ፦

ነይ፣ ጠዋት ሰው ሳይበዛ ይሻላል፣ ከሦስት ሰዓት በፊት። ቦርዲንግ ፓሱን በፌስታል እንዳትይዢው፤ ወፍራም መጽሐፍ መሀል አድርገሽ አምጪው። የኩፖኑንም ጀርባ በሌላ ወረቀት ለይው፣ ቀዩ እንዳይነካካ። ሒሳብ የለውም።